ሚናማታ፦ ከፋብሪካው በር እስከ ባሕሩ በእግር 20 ደቂቃ

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ ከኮኩራ ወደ ዩኖኮ

ጃፓን የሄድኩት ኪታኪዩሹ ከተማ ለተሰጠ የሦስት ሳምንት የውኃ ጥራት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ዓርብ አለቀ። የመመለሻ በረራዬ ደግሞ የሚቀጥለው ዓርብ ነበር። አብረውኝ የሠለጠኑት ቶኪዮን ለማየት ተሰናድተዋል። እኔ ሚናማታ እሄዳለሁ ስል አንዱ፣ «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» አለኝ። «ዓሣ» አልኩት።

ሐዋሳ ነው ያደግኩት። ዓሣና ሐይቅ ከሌለበት ቦታ ብዙ ቀን አልቀመጥም። ሚናማታ ደግሞ ፋብሪካ ወደ ባሕር በለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣውም ዓሣውን የበላው ሰውም የተመረዘባት ከተማ ናት። ስሟን ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ በመማሪያ መጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜም በአንድ አንቀጽ። ያቺን አንቀጽ በእግሬ ልሂድባት ብዬ ነው።

ያን ሰሞን አንድ የን አንድ ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ የምንዛሪ ሒሳብ የለም። መጥፎነቱ፣ የዋጋ ወረቀት ባየሁ ቁጥር በቀጥታ በብር ያመኛል። በኪታኪዩሹ ካለው የኮኩራ ጣቢያ እስከ ሺን-ሚናማታ በፈጣኑ ባቡር ወደ 10 ሺህ የን ከፈልኩ። ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ስለ ባቡሩ ሁሉም ስለሚጽፍ ልለፈው።

ችግሩ የጀመረው ከወረድኩ በኋላ ነው። ሺን-ሚናማታ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። አውቶቡስ ጠብቄ ጠብቄ ለካ እሑድ ማታ የሚመጣ የለም። ማደሪያ የያዝኩት ዩኖኮ የሚባል የፍል ውኃ መንደር ስለነበር ታክሲ ያዝኩ። 3 ሺህ የን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አዋሳ ላይ በዚህ ገንዘብ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ያዞረኛል ብዬ እያሰላሰልኩ ደረስኩ።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት 75 ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ በልቤ እማማ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም። የምንግባባው በስልኬ አስተርጓሚ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲያሻው ይሳሳታል። ወደ ፍል ውኃው ሲመሩኝ የተናገሩትን ስልኬ «እባክህ ቆዳህን አውልቀህ ግባ» ብሎ ተረጎመው። ልብስ ለማለት ነው። ግን ዋና ልብስ እንኳ አይፈቀድም፤ ነገሩ ከቆዳ ማውለቅ ብዙም አልራቀም።

እራት ላይ ጥሬ ዓሣ ቀረበ፤ እንደ ሰይፍ ረጅምና ብርማ የሆነ፣ ከእነቆዳው በስሱ የተቆረጠ። ጥሬ ዓሣ ለሐዋሳ ልጅ ብርቅ አይደለም። አሞራ ገደል በሎሚና በሚጥሚጣ ስበላው ነው ያደግኩት። ግን ይህ ሚናማታ ነው። በቾፕስቲክ አንዱን ቁራጭ አነሳሁና ትንሽ ቆየሁ። ሴትዮዋ አዩኝ። ምንም አላሉም። ከእኔ ሳህን አንዱን አንስተው ጎረሱና ማኘካቸውን ጨርሰው ወደ ኩሽና ገቡ። በላሁት። ሚጥሚጣ ነበር የጎደለው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ከሙዚየሙ በር እስከ ፋብሪካው በር

ጠዋት ቅርጫት ያለው ብስክሌት በነፃ አዋሱኝ። ዳገቱንና ቁልቁለቱን አልፌ የሚናማታ በሽታ ሙዚየም ደረስኩ። ዝግ ነው። ሰኞ ሰኞ አይከፈትም። ድረ ገጹን ያላነበብኩት እኔው ነኝ፤ የምከሰው ሰው የለም።

ስለዚህ ወደ ታች፣ ወደ መናፈሻው ወረድኩ። ሰፊ ነው። ሳር፣ የጽጌረዳ አትክልት፣ የስፖርት ሜዳ። ጡረተኞች በእንጨት መዶሻ ኳስ እየመቱ ይስቃሉ። ይህ ሜዳ የዛሬ 50 ዓመት ባሕር ነበር። ከ1977 እስከ 1990 (በእነሱ አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላም የታሪኩን ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በአውሮፓው ነው የምጽፈው) 58 ሄክታር የባሕር ዳርቻ ተሞላ። ሜርኩሪ የተኛበትን 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል ለማስወገድ ነው። ወጪው 48.5 ቢሊዮን የን። ደለሉ የትም አልተወሰደም። በብረት ግድግዳ ታጥሮ፣ አፈር ለብሶ፣ ሳር በቅሎበት ከእግሬ በታች ነው ያለው። ብረት ደግሞ ይዝጋል፤ የአካባቢው ሰዎችም ይህን ያነሳሉ።

በባሕሩ ጠርዝ ትንንሽ የድንጋይ ምስሎች ተደርድረዋል። ዓሣ አጥማጆችና የሞቱባቸው ቤተሰቦች በእጃቸው የጠረቧቸው ናቸው። ብዙዎቹ ጉልበቴን አይደርሱም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረዋል። ባለሙያ የጠረባቸው እንዳልሆኑ ያስታውቃል፤ አንዱ ዓይኑ ከፍና ዝቅ ብሏል። እግሩ ሥር ያልተከፈተ የቆርቆሮ ቡና አስቀምጠውለታል። ሟቹ ቡና ይወድ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ህያከን መውረጃ ቦይ ሄድኩ። ዝናው ከመጠኑ ይበልጣል፤ ሲያዩት የትኛውም ከተማ ያለ የጎርፍ መውረጃ ነው የሚመስለው። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕረ ሰላጤው የለቀቀው በዚህ በኩል ነው። ከ1932 ጀምሮ አሴታልዲሃይድ የሚባል ለፕላስቲክ ሥራ ግብዓት የሚሆን ኬሚካል ያመርት ነበር። ለማምረቻው ሜርኩሪ ይጠቀማል። በሂደቱ መካከል ሜቲል ሜርኩሪ ይፈጠራል። ልጅ ሳለን ወንድሜ ቴርሞሜትር ሰብሮ፣ የቀድሞ ሰዎች ባዜቃ የሚሏትን ያቺን ብርማ ጠብታ በመዳፋችን አንከባለናት እናውቃለን። እሷም ጤና አይደለችም፤ ተንፋሿ ይመርዛል። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። በምግብ ይገባል፣ በደም ይሄዳል፣ አንጎል ውስጥ ይቀመጣል።

ከቦይው ፊት ስነሳ የብስክሌቱ ሰንሰለት ተበጠሰ። እየገፋሁ ወደ ባቡር ጣቢያው አቀናሁ። ያ ብልሽት ባይኖር ርቀቱን ልብ አልለውም ነበር። ሰዓቴን አየሁ። ከቦይው እስከ ፋብሪካው ዋና በር ድረስ፣ ብስክሌት እየገፋሁ፣ 20 ደቂቃ። አሮጌው የሚናማታ ጣቢያ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ነው። ከባቡር የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ዛሬ ስሙ ተቀይሮ ይሠራል።

ግንቦት 1 ቀን 1956 የኩባንያው የራሱ ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሃጂሜ ሆሶካዋ፣ ምንነቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ መነሳቱን ለጤና ቢሮ አሳወቁ። መጀመሪያ የታዩት በሽተኞች የ5 እና የ2 ዓመት እህትማማቾች ነበሩ፤ ቤታቸው ባሕሩ አፋፍ ላይ። መንግሥት የበሽታው ምክንያት የፋብሪካው ፍሳሽ ነው ብሎ በይፋ ያመነው መስከረም 26 ቀን 1968 ነው። ፋብሪካው በዚያ ዘዴ ማምረቱን ካቆመ ከአራት ወር በኋላ መሆኑ ነው። እኔ ሰንሰለት በተበጠሰ ብስክሌት 20 ደቂቃ የፈጀብኝን መንገድ መንግሥት በ12 ዓመት ተጓዘው።

ደግሞ የማያውቅ አልነበረም። በዚያን ዘመን የከተማው ግብር ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከፋብሪካው ነው። የከተማው ከንቲባ የነበሩት ሰው ራሳቸው የአሴታልዲሃይዱን ማምረቻ ዘዴ የፈለሰፉ የፋብሪካው የቀድሞ ኃላፊ ናቸው። እንግዲህ ማን ማንን ይጠይቅ?

ጣቢያው አጠገብ ቻምፖን በላሁ። አትክልት፣ የአሳማ ሥጋና የባሕር ነገር የተደባለቀበት የኑድል ሾርባ ነው። የአሳማውን ለቅሜ አወጣሁ፤ አስተናጋጇ በሐዘን አየችኝ። 900 የን። ብስክሌቱን የሠራልኝ ሽማግሌ ደግሞ ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ሙዚየሙ፣ ማታ ደግሞ አንዲት ሳጥን

ሙዚየሙ በነፃ ነው። ዛሬ በልጆች ተሞልቷል። የኩማሞቶ ክፍለ ሀገር የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ አንድ ቀን እዚህ መጥተው ይማራሉ። ጫጫታቸው ልክ እንደ እኛ ልጆች ነው፤ የሚለየው ጫማቸውን መስመር አስይዘው መደርደራቸው ነው።

ታሪክ የሚነግሩት የዘመኑ ሰዎች ናቸው። የዚያን ቀን አንዲት አሮጊት ተናገሩ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ጎኔ ተቀምጦ በሹክሹክታ በእንግሊዝኛ ነገረኝ። ሴትዮዋ ስለ ሜርኩሪ ብዙ አላወሩም። ያወሩት ስለ ሱቅ ነው። በሽታው ይተላለፋል ተብሎ ስለሚታመን፣ በሽተኛ ካለበት ቤት የመጣ ልጅ ሱቅ ሲሄድ ባለሱቁ ገንዘቡን በእጁ አይቀበልም ነበር። በቾፕስቲክ ነው የሚያነሳው። ልጆቹ ጸጥ አሉ።

አንድ ነገር ቀድሞ ባለማወቄ አፈርኩ። በሽታው የመታው ዓሣ የሚበላውን ሁሉ እኩል አይደለም። የፋብሪካ ደመወዝተኛ ሩዝና ሥጋ ይገዛል። ዓሣ አጥማጁ ሩዙ ሲያልቅ ዓሣ ይበላል፤ ጠዋት ዓሣ፣ ማታ ዓሣ። ሰው ሲታመምበት ደግሞ እንዲጠናከር ብሎ የተሻለውን ዓሣ ይመርጥለታል። እጅና እግር ይደነዝዛል። ዓይን በጭድ ቀዳዳ የሚያይ ያህል ይጠባል። ምላስ ይተሳሰራል። ቤተሰቡም ሌላ ዓሣ ይጨምርለታል።

ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላዋል፤ ትልቁን ሰው። በየደረጃው ሜርኩሪው እየተጠራቀመ ይወጣል። በእኛም ሐይቅ በተደረጉ ጥናቶች ሌላ ዓሣ የሚበላው ቢልጫ ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ ይዞ ተገኝቷል። ሐዋሳ ሚናማታ ናት እያልኩ አይደለም፤ ማንም እንዳይደነግጥ። ግን ሚናማታ ያለችበት የሺራኑይ ባሕር በአማኩሳ ደሴቶች የተከበበ፣ ዝግ ለማለት ትንሽ የቀረው ባሕር ነው። የእኛ ሐይቅ ደግሞ መግቢያ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት እዚያው ይቀራል። ዛሬ በዓለም ትልቁ የሜርኩሪ ብክለት ምንጭ ደግሞ ፋብሪካ ሳይሆን ባህላዊ የወርቅ ሥራ ነው፤ እሱ ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም።

ሌላ ክፍል ውስጥ ስለ ፅንስ በሽተኞች ተጽፏል። እናትየው ደህና ናት፤ የተወለደው ልጅ አንገቱን አያቀናም። ያኔ ሐኪሞች የእንግዴ ልጁ መርዝ አያሳልፍም ብለው ያምኑ ነበር። ማሳዙሚ ሃራዳ የተባሉ ሐኪም ቤት ለቤት እየዞሩ ይህ ስህተት መሆኑን አሳዩ። በ1962 የፅንስ ሚናማታ በሽታ መኖሩ ታወቀ። በኋላ መረጃ የሆነው ምን መሰላችሁ? እትብት። ጃፓኖች የልጃቸውን እትብት አድርቀው ያስቀምጣሉ። ተመራማሪዎች እነዚያን የደረቁ እትብቶች መርምረው ሜቲል ሜርኩሪውን አገኙት። ልኩም ፋብሪካው ብዙ ባመረተባቸው ዓመታት ከፍ ይላል።

ማታ እማማን በስልኬ ጠየቅኳቸው፤ የእርስዎ ልጅ እትብት አለ? ተነስተው መሳቢያ ከፈቱና የክብሪት ቀፎ የምታህል የእንጨት ሳጥን አመጡ። በውስጧ ጥጥ፣ በጥጡ ላይ እንደ ደረቀ የቃሪያ ጭራ ያለ ጠቆር ያለ ነገር። ክዳኗ ላይ የልጁ የልደት ቀን በቀለም ተጽፏል፤ 1975። ልጁ ዛሬ ኦሳካ ነው የሚኖረው። እኔም በእኛ አገር እትብት ይቀበራል፣ ሰው አገሬ የሚለው እትብቱ የተቀበረበትን ነው አልኳቸው። ስልኩ ይህን ምን ብሎ እንደተረጎመው አላውቅም። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተናገሩ፤ «አባቴ ቺሶ ነበር።»

ኅዳር 2 ቀን 1959 ዓሣ አጥማጆቹ ፋብሪካውን ጥሰው ሲገቡ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው የዚያን ሌሊት ቤት አልገቡም። ክፍል ውስጥ ከዓሣ አጥማጅ ልጆች ጋር አይቀመጡም ነበር። ማንም አትቀመጪ ብሏቸው አይደለም። «እኔ ራሴ አልተቀመጥኩም» አሉ። ሳጥኗን ዘግተው ወደ መሳቢያዋ መለሷት። ፍል ውኃው እስከ አራት ሰዓት ክፍት ነው አሉኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ የድመቶቹ መንደር

ረቡዕ ጾም ነው። እናቴ ዓሣን የጾም ምግብ ነው የምትል ወገን ናት፤ እኔም በዚህ ጉዳይ አልከራከራትም። ቁርሴን በሩዝ ላይ የተነሰነሰ ሺራሱ በላሁ፤ ከጥፍር የማይበልጥ ነጭ ዓሣ ነው፣ ከእነዓይኑ።

በብስክሌት ወደ ደቡብ፣ በዓሣ አጥማጆቹ መንደሮች በኩል ሄድኩ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ ጎን ባሕር፣ በሌላው የብርቱካን ተራራ። ዓሣ ማጥመድ ሲቀር ብዙ የተጎዱ ቤተሰቦች ወደ ብርቱካንና መንደሪን ዞረዋል። የመርዝን ነገር ስለሚያውቁ ብዙ የተባይ መድኃኒት አይረጩም። መንገድ ዳር ሰው የሌለበት መደብ አለ፤ አንድ ከረጢት አረንጓዴ መንደሪን፣ 100 የን፣ ሳንቲም መጣያ ቆርቆሮ። ጣልኩ፣ ወሰድኩ። ይህ መደብ ሐዋሳ ቢሆን ቆርቆሮው ስንት ደቂቃ ይቆይ ነበር እያልኩ ሦስቱን በላሁ። ልጣጩ አረንጓዴ ይሁን እንጂ ይጣፍጣል።

ሞዶ የምትባለው መንደር ትንሽ ወደብ አላት። ጀልባዎቹ ጎን ለጎን በገመድ ታስረዋል። ይህን ማሰሪያ ሞያይ ይሉታል። በ1994 ከንቲባው ማሳዙሚ ዮሺይ ለተጎጂዎቹ ይቅርታ ሲጠይቁ የተናገሩት ቃል ከዚህ የመጣ ነው፤ የተፈታውን እንደገና እንሰር። ከተማዋ ለብዙ ዓመት በፋብሪካ ወገንና በበሽተኛ ወገን ተከፍላ ነበርና።

በ1954፣ ማለትም በሽታው በይፋ ከመታወቁ ሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ጋዜጣ ስለዚህች መንደር አጭር ወሬ አወጣ። የሞዶ ድመቶች አብደው አለቁ። ይዞራሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ባሕር ይገባሉ። ከመቶ በላይ ነበሩ። ወሬው የተጻፈው ግን ስለ ድመት ተብሎ አይደለም። ድመት ሲያልቅ አይጥ በዛ፤ የመንደሩ ሰዎች አይጥ አጥፉልን ብለው የከተማውን አስተዳደር ለመኑ። ያችን አጭር ወሬ ያኔ ልብ ብሎ ያነበበ ቢኖር!

ከዚያ በተጎጂዎች ደጋፊዎች የተመሠረተው የሶሺሻ ማዕከል ገባሁ። ሙዚየሙ የእንጉዳይ ማብቀያ የነበረ ዳስ ነው። ከከተማው ሙዚየም ይልቅ ይህን ወደድኩት፤ አቧራ አለው፣ ቁጣም አለው። መረቦች፣ የተቃውሞ ባንዲራዎች፣ በማሰሮ የደለል ናሙና። አንድ የእንጨት የድመት ቤት ፊት ቆምኩ። ያ ዶክተር ሆሶካዋ በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ቀላቅለው ለአንድ ድመት ሰጡ፤ ቁጥሩ 400። ጥቅምት ላይ ድመቱ እንደ ሞዶ ድመቶች ሆነ። ኩባንያው ውጤቱን ደበቀው። በዚያው ታኅሣሥ ለሟች ቤተሰብ 300 ሺህ የን «የማጽናኛ» ተብሎ ሲከፈል፣ ወደፊት ፋብሪካው ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ ሌላ ካሣ አንጠይቅም የሚል አንቀጽ አስፈርሟቸዋል። ድመት 400ን እያወቁ! ፍርድ ቤት ይህን ውል ውድቅ ያደረገው መጋቢት 1973 ነው። ዶክተሩ በ1970፣ በካንሰር ታመው ከተኙበት አልጋ ላይ ሆነው እውነቱን መሰከሩ፤ በዚያው ዓመት ሞቱ።

ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር የሄድኩት። አላለቀም። ኒጋታ በሚባል ሌላ የጃፓን ክፍለ ሀገር በሌላ ኩባንያ ምክንያት የታመሙትን ጨምሮ በይፋ በሽተኛ ናችሁ የተባሉት ወደ 3 ሺህ ናቸው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ከፊል ድጋፍ ነው ያገኙት፤ ክስ ዛሬም አለ። በ2024 የመታሰቢያ ቀን ተጎጂዎች ከአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ ጋር ሲነጋገሩ ለእያንዳንዱ የተሰጠው 3 ደቂቃ ነበር። ያለፈባቸው ሰዎች ማይክ ተዘጋባቸው። ሚኒስትሩ በኋላ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ።

ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። መንደሪኑ በቅርጫቱ ውስጥ ዋኘ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ መመለስ

እማማ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ሸኙኝ። ለአራት ሌሊት፣ እራትና ቁርስ ጨምሮ 38 ሺህ የን ከፈልኩ። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ጎንበስ እንዳሉ ቆሙ። ጣቢያው ውስጥ ካለ ሱቅ ሁለት ፓኬት ደረቅ ትንንሽ ዓሣ በ540 የን ገዛሁ፤ የሺራኑይ ባሕር ዓሣ ነው። በባሕረ ሰላጤው ላይ ከ1974 ጀምሮ የተዘረጋው መከለያ መረብ በ1997 ተነስቷል፤ ዓሣውም ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል።

ሐዋሳ ስደርስ እናቴ ፓኬቱን ገልብጣ አየችው።

«ይሄ ለሰው ነው?»

«አዎ እማዬ። ጾምም ነው።»

«ዓይኑ ያፈጣል እኮ! እኔስ አልበላም። ለድመቷ ስጣት።»

የጎረቤታችን ድመት አንድ ጭብጥ ሙሉ ጨረሰች። ከዚያ አፏን እየላሰች በአጥሩ ላይ ወጣች። አጥሩ ጠባብ የጡብ አጥር ነው። ጫፉ ድረስ ሄዳ እስክትወርድ ቆሜ አረማመዷን አየሁ።

እናቴ ከውስጥ፣ «ምን ሆነህ ነው የምትገተረው?» አለችኝ።